የአያቴ በርጩማና የኮላ ታሪክ

ባለፈው ክረምት አያቴን የጣላት በርጩማው ሳይሆን እኔ ነኝ። አንዱ እግሩ ሲላቀቅ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ማስቲሽ ቀባሁና “ተሠራ!” ብዬ ፎከርኩ። ሦስት ቀን ተቀመጠችበት። በአራተኛው ቀን ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ እግሩ ቀስ ብሎ ከዳና ወለሉ ላይ ዘረጋት። ተመስገን፣ ከሰሉ ገና አልተቀጣጠለም ነበር፤ አጥንቷም ተርፏል። እኔ ግን እስካሁን አፍራለሁ።

በርጩማውን ይዤ የሄድኩባቸው የሰፈራችን አናጢ ገና ሲያዩት ሳቁ። “ልጄ፣ ማስቲሽ ለጫማ ነው። ለእንጨት ኮላ አለለት” አሉኝ። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥምና፣ ይሄ ኮላ የሚባል ነገር ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያኖችም ከግሪክ ነው የወረሱት። ዛሬ “ፊት ያለመልማል” እየተባለ የሚሸጠው ኮላጅን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው፤ “ኮላ የሚያስገኝ” እንደማለት። ለምን ቢባል፣ ለሺህ ዓመታት የእንጨት ማጣበቂያ ሲሠራ የኖረው የእንስሳ ቆዳና አጥንት እየተቀቀለ ነው። በግብፅ፣ ቴብስ ውስጥ ባለው የሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ከ3,400 ዓመት ገደማ በፊት የተሣሉ አናጢዎች የኮላ ማሰሮ እሳት ላይ ጥደው ይታያሉ። ይህ ኮላ ሲደርቅ ብርቱ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ግን ይለቃል። ድክመት ይመስላል አይደል? ቫዮሊን ሠሪዎች ግን ዛሬም የሚመርጡት ለዚሁ ነው። መሣሪያው ጥገና ሲፈልግ እንጨቱን ሳይሰብሩ ይከፍቱታል።

የሰው ነፍስ በኮላ ላይ የተንጠለጠለበት ዘመንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የእንግሊዞቹ የጦር አውሮፕላን ሞስኪቶ አካሉ በአብዛኛው እንጨት ነበር። መጀመሪያ የተጣበቀው ከወተት በሚገኘው ኬሲን በተባለ ኮላ ነው። ኬሲን ግን እርጥበትና ሙቀት ሲበዛበት ይዳከማል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ውሃን በሚቋቋም ሰው ሠራሽ ኮላ ተተካ። በ1944 ሕንድ ውስጥ የነበሩ ሞስኪቶዎች አደጋ ሲያደርሱ ብዙዎች የአየሩን ጠባይና ኮላውን ጠረጠሩ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ያገኘው የአመራረት ጉድለት ነበር። ጥሩ ኮላ መጥፎ ሥራን አያድንም ማለት ነው።

አናጢው የሰጡኝ ነጩ ኮላ የተገኘው ደግሞ ጀርመን ውስጥ ነው። መሠረቱ የሆነውን ፖሊቪኒል አሲቴት እ.ኤ.አ. በ1912 ያገኘው ፍሪትዝ ክላተ የተባለ ኬሚስት ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይሸትም፣ ሲደርቅም ጥርት ይላል። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ በርጩማ ወይም መደርደሪያ እሱ ይበቃል። ዝናብ ለሚመታው በረንዳ ግን ተራው ነጭ ኮላ አይሆንም፤ ውሃ ያለሰልሰዋል። ማስቲሽስ? ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ለጫማ ሶል ይህ ጸጋ ነው፤ ክብደት ለሚሸከም እግር ግን ቀስ እያለ መንሸራተት ነው። የአያቴም በርጩማ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አናጢው መጀመሪያ የእኔን ማስቲሽ ሙልጭ አድርገው ፋቁት፤ ኮላው እንጨቱን ራሱን መንካት አለበትና። ቀዳዳው ሰፍቶ ስለነበር እግሩን በስስ እንጨት አወፈሩት። “ሳይገጥም ኮላ አይይዝም” እያሉ ነጩን ኮላ ቀቡ፣ በገመድ አጥብቀው አሰሩት፣ “እስከ ነገ እንዳትነኪው” ብለው አስጠነቀቁኝ።

አሁን አያቴ እንደገና ትቀመጥበታለች። ግን ከመቀመጧ በፊት ሁልጊዜ በእጇ ወዝወዝ ታደርገዋለች። ታዲያ የምታየው በርጩማውን ሳይሆን እኔን ነው።