ዩጂን ብላክና የሁለት ወንዞች ታሪክ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተነሡት የአሜሪካ የገንዘብ ዲፕሎማቶች መካከል ሥራቸው ለመሐንዲሶች እጅግ የቀረበው ሚስተር ዩጂን ብላክ ናቸው። በ1898 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) በአትላንታ ከተማ ተወልደው፣ በቼዝ ናሽናል ባንክ በከፍተኛ ኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1949 የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ 1962 መጨረሻም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ።

ባንኩ የሚያበድረውን ገንዘብ የሚያገኘው በአብዛኛው ቦንድ በመሸጥ ስለነበረ፣ ብላክ የቦንድ ገዢዎችን እምነት መጠበቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ጥናቱ ያልተሟላ፣ ወጪውና ጥቅሙ በሚገባ ያልተሰላ ሥራ ብድር አያገኝም ነበር። ባንኩ በ1950 ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ ሲሰጥ፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 5 ሚሊዮኑ ለአውራ ጎዳና ሥራ ተመደበ፤ በተከታዩ ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ነገር ግን የጥናት መሟላት ብቻውን እንደማይበቃ በዓባይ ላይ ታየ። ለአስዋን ግድብ ባንኩ 200 ሚሊዮን ዶላር ሊያበድር የተዘጋጀው አሜሪካና ብሪታንያ እርዳታ በመስጠት ይተባበራሉ በሚል ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደለስ በሐምሌ 1956 እርዳታውን ሲሰርዙ የባንኩም ብድር አብሮ ወደቀ፤ ከሳምንት በኋላ ናስር የስዊዝን ቦይ የመንግሥት ንብረት አደረጉ። በዚያ ሁሉ ድርድር ደግሞ የውሃው ትልቁ ክፍል የሚመነጭባት ኢትዮጵያ አልተካተተችም።

በኢንዱስ ወንዝ ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ1948 ሕንድ ወደ ፓኪስታን የሚወርደውን የመስኖ ውሃ ካቋረጠች በኋላ ሁለቱ አገሮች በጠላትነት ይተያዩ ነበር። ብላክ ባንኩን በአስታራቂነት አቀረቡ፤ በጄኔራል ሬይመንድ ዊለር የሚመሩ መሐንዲሶችም ከሁለቱ ወገኖች ባለሙያዎች ጋር አብረው ተቀመጡ። በ1954 ባንኩ ሦስቱ የምሥራቅ ወንዞች ለሕንድ፣ ሦስቱ የምዕራብ ወንዞች ለፓኪስታን እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። ለአዲሶቹ ግድቦችና ቦዮች 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከተለያዩ መንግሥታት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ስምምነቱ በመስከረም 1960 በካራቺ ተፈረመ።

ብላክ በ1992 ዐረፉ። ስምምነታቸው በሁለቱ አገሮች መካከል የተነሡትን ጦርነቶች ሁሉ ተሻግሮ ከቆየ በኋላ፣ ሕንድ በ2025 ማገዷን አስታወቀች። ከሁለቱ ወንዞች ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ግድብ በስሌትና በብድር ይቆማል፣ የውሃው ሰላም ግን የሚጸናው የወንዙ ባለቤቶች ከማዕዱ እስካልተለዩ ድረስ ብቻ ነው።