ሳም ሚልስ፤ ማንም ያልመረጠው ላይንባከር

የአሜሪካ ፉትቦል ሲባል በእኛ አገር ለብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣለት የራስ ቁር ያጠለቁ ግዙፍ ሰዎች ሲላተሙ ነው። ግዙፍነታቸው እውነት ነው። በእነዚህ ግዙፎች መካከል 12 የውድድር ዘመን የተጫወተ አንድ ሰው ግን ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ቀደም ሲል ሁለት ቡድኖች ያሰናበቱት፣ በተጫዋቾች ምርጫ ቀን ስሙን ማንም ያልጠራው መምህር ነበር። ሳም ሚልስ ይባላል። ስለ እሱ የሚጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ‹‹ጽናት›› በሚለው ቃል ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። እኔ ግን ታሪኩን ባገላበጥኩ ቁጥር ከጽናቱ እኩል ጎልቶ የሚታየኝ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ሁለተኛ በር መኖሩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ምርጫው ጥቂት ልበል። ድራፍት የሚባለው የብሔራዊው ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ዛሬ 32 ቡድኖች በሰባት ዙር ይመርጣሉ። ሚልስ ትምህርቱን ባጠናቀቀበት በ1981 ግን ቡድኖቹ 28፣ ዙሮቹ ደግሞ 12 ነበሩ። ከ300 በላይ ወጣቶች ተጠሩ፤ እሱ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። ያልተመረጠ ተጫዋች መንገዱ ጨርሶ አይዘጋበትም፤ ከሚቀበለው ቡድን ጋር ተፈራርሞ ለሙከራ መግባት ይችላል። ችግሩ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠን ልጅ ቡድኑ ብዙ ገንዘብ ስላፈሰሰበት ቢሳሳትም ይታገሠዋል። ያልተመረጠውን ለማሰናበት ግን አንድ መጥፎ ቀን ይበቃል።

ላይንባከር የሚባለው ከፊት መስመር ተከላካዮች ጀርባ የሚቆመው ተጫዋች ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል፣ አጭር ቅብብልን ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ኳስ አቀባዩን ኳርተርባክ ለመያዝ ይገሰግሳል። ሚልስ የሚጫወተው በመካከለኛው ቦታ ሲሆን፣ በዚህ ቦታ ላይ መልማዮች የሚፈልጉት ከ1 ሜትር ከ85 በላይ የሆነ ሰው ነው። ከሚገፉት ግዙፎች ራስ በላይ አሻግሮ ማየት አለበት ይላሉ። ነገር ግን ትግል የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ግጥሚያ ላይ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የገባው ነው። ወደ 104 ኪሎ የሚመዝነው ሚልስ ዝቅ ለማለት ጎንበስ ማለት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ይህን በሜትር የሚለካ ሰው አያየውም።

በ1959 በኒው ጀርሲ ግዛት የተወለደው ሚልስ የተማረው ሞንትክሌር ስቴት በተባለ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሚወዳደር፣ ለስፖርተኛ ነፃ የትምህርት ዕድል የማይሰጥ ነው። ስለዚህ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን የመጣበት ቦታም ይቆጠርበት ነበር። በ1981 ክሊቭላንድ ብራውንስ ለሙከራ ወሰደው፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አሰናበተው። በቀጣዩ ዓመት ወደ ካናዳ ተሻግሮ ቶሮንቶ አርጎናውትስን ሞከረ፤ እዚያም አልቆየም። ወደ ኒው ጀርሲ ተመልሶ በኢስት ኦሬንጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ እያስተማረ የተማሪዎቹን ቡድን በረዳትነት ያሠለጥን ጀመር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ማንም አይደነቅም ነበር። በየዓመቱ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ልጆች ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት ዩኤስኤፍኤል የተባለ አዲስ ሊግ በፀደይ ወራት ውድድር ጀመረ። አዲስ ሊግ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ይፈልጋል። የክሊቭላንድ አሠልጣኝ የነበሩት ሳም ሩቲግሊያኖ ያሰናበቱትን ልጅ አልረሱትም ነበርና ለፊላደልፊያ ስታርስ ኃላፊ ስሙን ጠቆሙ። የስታርስ አሠልጣኝ ጂም ሞራ መጀመሪያ ቁመቱን ሲያዩ ልባቸው አልሞላም ነበር፤ ልምምድ ላይ ካዩት በኋላ ግን የሚያሰናብቱበት ምክንያት አጡ። ጓደኞቹ ‹‹የሜዳ አይጥ›› የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ስታርስ በሦስቱም ዓመታት ለፍጻሜ ደረሰ። በ1983 በሚችጋን ፓንተርስ 24 ለ22 ተሸነፈ፤ በ1984 እና በ1985 ዋንጫውን ወሰደ። ሚልስም በሦስቱም ዓመታት በሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካተተ።

ሊጉ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ከቡድን ባለቤቶቹ አንዱ በነበሩት በዶናልድ ትራምፕ ግፊት ጭምር ውድድሩን ወደ መኸር አዛውሮ ከኤንኤፍኤል ጋር ፊት ለፊት ለመግጠም ወሰነ፤ ክስም መሠረተ። በ1986 የዳኞች ጉባዔ ኤንኤፍኤል ሕግ ጥሷል ብሎ ፈረደና የካሣውን መጠን አንድ ዶላር አደረገው። በሕጉ መሠረት ሦስት እጥፍ ሲሆን ሦስት ዶላር መሆኑ ነው። ሊጉ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም።

ሞራ በዚያው ዓመት ወደ ኤንኤፍኤሉ ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ሲሄዱ ሚልስን ይዘውት ሄዱ። በር ከፋች ሰው ማለት ይህ ነው። ሴይንትስ መጫወት ከጀመረበት ከ1967 ጀምሮ ካሸነፈው የተሸነፈው ያልበዛበት፣ ወይም ቢያንስ እኩል ያልሆነበት ዓመት አልነበረውም። በ1987 ግን 12 ጊዜ አሸንፎ ሦስት ጊዜ ብቻ በመሸነፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። ሪኪ ጃክሰን፣ ቮን ጆንሰን፣ ፓት ስዊሊንግና ሳም ሚልስ በቡድኑ ባለ ጣሪያ ስታዲየም ስም ‹‹ዶም ፓትሮል›› ተባሉ። በ1992 የውድድር ዘመን አራቱም ለኮከቦቹ ጨዋታ ለፕሮ ቦውል ተመረጡ፤ የአንድ ቡድን አራት ላይንባከሮች በአንድ ዓመት ሲመረጡ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ማለትም ሚልስና ጆንሰን ከፈረሰው ሊግ የመጡ መሆናቸውን ልብ ይሏል። እውነቱን ለመናገር ግን በእነዚያ ዓመታት ሴይንትስ አራት ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገብቶ አንዱንም ጨዋታ አላሸነፈም። ሞራ በኋላ ካሠለጠኗቸው ሁሉ ምርጡ ሚልስ እንደነበር ተናግረዋል።

በ1995 አዲስ ወደተቋቋመው ካሮላይና ፓንተርስ ሲዛወር ዕድሜው 36 ሊሞላ ነበር። አዲሱ ቡድን የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በስድስተኛው ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር ሲጫወት ሚልስ የኳርተርባኩን አጭር ቅብብል ነጥቆ 36 ያርድ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑም 26 ለ15 በታሪኩ የመጀመሪያውን ድል አገኘ። በ1996 ፓንተርስ ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ ሲደርስ እሱ በ37 ዓመቱ በሊጉ ምርጥ ቡድን የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ይህ ዕድሜ ለላይንባከር ሽምግልና ነው። በ1997 መጨረሻ ጫማውን ሲሰቅል በኤንኤፍኤል 181 ጨዋታ ተሰልፎ፣ 11 ቅብብል ነጥቆ፣ አምስት ጊዜ ለፕሮ ቦውል ተመርጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያው በፓንተርስ የላይንባከሮች አሠልጣኝ ሆነ። በነሐሴ 2003 የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ ሐኪሞች የሰጡት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በዚያው ወቅት ከሚያሠለጥናቸው ላይንባከሮች አንዱ የሆነው ማርክ ፊልድስም ካንሰር ተገኘበት። ሚልስ ኬሞቴራፒ እየወሰደ ሥራውን አላቆመም። ጥር 2004 ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ከሚደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በፊት ለተጫዋቾቹ ንግግር አደረገ። ሕመሙን ሲሰማ ሁለት ምርጫ እንደነበረው፣ እጅ መስጠት ወይም መታገል፣ እሱም መታገሉን እንደመረጠ ነገራቸው። ‹‹ኪፕ ፓውንዲንግ›› አላቸው፤ ሳታቋርጡ ምቱ እንደማለት ነው። ፓንተርስ ዳላስን 29 ለ10 አሸነፈ፤ እስከ ሱፐር ቦውልም ደርሶ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 32 ለ29 ተረታ። ሐረጉ የቡድኑ መፈክር ሆኖ ቀረ፤ በማሊያ አንገት ላይም ታትሟል።

ሚልስ ሚያዝያ 18 ቀን 2005 በ45 ዓመቱ አረፈ። ሐኪሞቹ ከገመቱት በላይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ኖሯል። ቡድኑ ያንኑ ዓመት 51 ቁጥር ማሊያውን ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ።

የቀረው የዝነኞች አዳራሽ ነበር። አንድ ተጫዋች ካቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ ለዕጩነት ይበቃል፤ በመደበኛው ዝርዝር ውስጥ የሚቆየው ደግሞ ለ20 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሉ እጅግ ወደጠበበው የአንጋፋዎች ዝርዝር ይዛወራል። የሚልስ ስም በ2003 ገብቶ ዓመት በዓመት ታለፈ። በ20ኛውና በመጨረሻው ዓመት፣ በ2022፣ ተመረጠ። ነሐሴ ላይ በካንተን ኦሃዮ በተደረገው ሥነ ሥርዓት በእሱ ፈንታ መድረክ ላይ ወጥተው የተናገሩት ባለቤቱ ሜላኒ ሚልስ ናቸው።