የተናቀችው ዕጢና የጠባቂዎቿ መልእክት

ከደረት አጥንታችን ሥር ያለችውን ታይመስ የተባለች ዕጢ ሊቃውንት ብዙ ዘመን የሞቱ ሕዋሳት መቃብር አድርገው ቈጥረዋት ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ሐኪሙ ዣክ ሚለር ለንደን ላይ ይህችን ዕጢ ከአዲስ ተወላጅ አይጦች ቢያወጣ፣ በሽታ የመከላከል ኃይላቸው ደከመ። ጠባቂዎቹ ቲ ሕዋሳት የሚሠለጥኑት በእርሷ ነውና።

ጠባቂውስ ጠላቱን እንዴት ያውቃል ትሉ ይሆናል። ሌላ ሕዋስ የባዕዱን ፕሮቲን ቍራጭ ሲያሳየው ሁለቱ ይጣበቃሉ። በ1998 አብርሃም ኩፕፈርና ባልደረቦቹ በዴንቨር ይህን ሲናፕስ የተባለውን መጋጠሚያ ቢመረምሩ፣ ምልክት ተቀባዮቹ በመካከል ተሰብስበው፣ አጣባቂዎቹ በዙሪያቸው እንደ ቀለበት ቆመው ታዩ። መልእክቱ ከመካከሉ ይነሣል ተብሎ ተገመተ፤ የመልኩ ማማር ሳያታልል አልቀረም። በኋላ ግን ቀለበቱ ከመሠራቱ አስቀድሞ፣ በጥቃቅን የተቀባዮች ስብስብ፣ በሰከንዶች ውስጥ እንደሚጀምር ታወቀ፤ ወደ መካከሉ ከደረሱት ተቀባዮችም ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ተውጠው ይፈርሳሉ።