ቀይ አፈር፦ ገበያ ያሰባሰባት ከተማ

ሐሙስ ማለዳ ወደ ቀይ አፈር የሚወስዱት የእግር መንገዶች በሙሉ በሰው ይሞላሉ። ከበና መንደሮች ማርና ቅቤ በቅል የያዙ፣ ፍየል የሚነዱ ሰዎች ይመጣሉ። ከአሪ ደጋ ቡና፣ ኮረሪማና የሸክላ ማሰሮ ያዘሉ ይወርዳሉ። ከወይጦ ሸለቆ ደግሞ ፀማዮች ሽቅብ ይወጣሉ። ረፋዱ ላይ ገበያው ጢም ይላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወደመጣበት ይበተናል፤ ከተሜው ብቻ ይቀራል። ታዲያ «የቀይ አፈር ሕዝብ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሐሙስ የሚሰጠው መልስ ሌላ፣ አርብ የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱንም መልስ ታሪካዊ ምክንያት ባጭሩ ማሳየት ነው።

ስሟና አቀማመጧ

ቀይ አፈር ከጂንካ በስተደቡብ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የበና ፀማይ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ስሟ ከአፈሯ ቀለም የወጣ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻም። አፈር ይህን ቀለም የሚይዘው በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ተዋህዶ ሲዝግ እንደሆነም የግብርና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስሙ የተሰጠበት ቋንቋ ነው። መሬቱ የበና ነው፤ ስሙ አማርኛ ነው። የከተማዋ ሕዝብ ቅይጥነት ገና ከስሟ ይጀምራል።

ከኮንሶ ተነስቶ ወይጦን አቋርጦ ወደ ጂንካ የሚወጣው መንገድ በቀይ አፈር ያልፋል። ወደ ዲመካና ቱርሚ የሚወስደውም ከዚሁ ይገነጠላል። በአንድ ወገን የአሪ ደጋ፣ በሌላው የወይጦ ሸለቆ፣ ወደ ደቡብ የሐመር ቆላ ይገኛሉ። በደጋው ያለው በቆላው የለም፤ በቆላው ያለውም በደጋው ይፈለጋል። ለምሳሌ በበናና በሐመር ቤቶች በየቀኑ የሚጠጣው ሸፈሮ የሚፈላው ከቡና ገለፈት ነው። ቡናው ግን የሚበቅለው በደጋው ነው። ስለዚህ ሸፈሮ የሚጠጣ ቤተሰብ ሁሉ ቡና ከሚያመርት ገበሬ ጋር የግድ ይገናኛል። ደጋው በበኩሉ ከብቱን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውንና ማሩን ከቆላ ይጠብቃል። የአካባቢው ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው የሚውሉት፣ ማለትም ማክሰኞ በአልዱባ፣ ሐሙስ በቀይ አፈር፣ ቅዳሜ በጂንካና በዲመካ የሚቆሙት ይህንኑ ልውውጥ ለማዳረስ ነው።

ከከተማው በፊት የነበረው ቅልቅል

ብዙ ሰው የሕዝብ ቅልቅል ከከተማ ጋር የመጣ ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። በናና ሐመር በቋንቋ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሐመሮች ከአባቶቻቸው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትረካቸው ከመንፈሳዊ መሪዎቻቸው ማለትም ከቢታዎች የአንደኛው የዘር ሐረግ አባት ከአሪ እንደመጣ ይናገራሉ። ሌሎች ጎሳዎችም ከፀማይና ከኮንሶ ወገን መጥተው እሳት ተጋርተው እንደኖሩ ይተረካል። በሌላ አነጋገር ዛሬ በአንድ ስም የሚጠራው ሕዝብ ራሱ ከብዙ ወገን የተሰበሰበ መሆኑን የሚመሰክሩት የገዛ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ከዚህም ሌላ በሐመርና በበና «ቤል» የሚባል የወዳጅነት ቃል ኪዳን አለ። አንድ ሰው ከሌላ መንደር ወይም ከሌላ ብሔረሰብ ሰው ጋር ቤል ከሆነ ሲሄድ ቤቱ ያርፋል፣ ችግር ሲደርስበት ይረዳዋል፤ ፍየልም ሆነ እህል ይለዋወጣሉ። ባንክና ኅብረት ሥራ ማኅበር ባልነበረበት ዘመን የመጠባበቂያ ሀብት ማለት በሌላ አገር ያለ ወዳጅ ነበር። ዝናብ በቆላው ሲቀር የቤል ቤት የክፉ ቀን መጠለያ ነው።

የቋንቋው ሁኔታም ከዚህ የተለየ አይደለም። የበና፣ የአሪና የማሌ ቋንቋዎች ከኦሞአዊው ቤተሰብ ናቸው፤ ፀማይኛና ኮንሶኛ ኩሻዊ ናቸው፤ አማርኛ ሴማዊ ነው። በዚያው አካባቢ በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሙርሲዎች ቋንቋ ደግሞ ከናይሎ ሳህራዊው ወገን ነው። በኢትዮጵያ ያሉት አራቱም የቋንቋ ቤተሰቦች በአንድ ዞን ክልል ውስጥ ይገኙ ነበር ማለት ነው። ጂንካን ዋና ከተማው አድርጎ የኖረው ደቡብ ኦሞ ዞን 16 ነባር ብሔረሰቦች ያሉት ተብሎ ሲጠራ የቆየውም ለዚህ ነው።

ከሰሜን የመጡት

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአጼ ምኒልክ ሠራዊት ወደ አካባቢው ሲደርስ የሕዝቡ አሰፋፈር በሌላ መልክ ተለወጠ። የአሪ ገበሬ በገባርነት ሥር ወደቀ፤ ምርቱንና ጉልበቱን ከሰሜን ለመጣው ነፍጠኛና ሹም እንዲያቀርብ ተገደደ። መጀመሪያ ባኮ፣ ኋላም ጂንካ የአስተዳደር ማዕከል ሆኑ። በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው አውራጃ «ገለብና ሐመር ባኮ» የሚለውን ስም የያዘውም ሕዝቦቹን በአንድ ላይ ደርቦ ነው። ከወታደሩና ከጸሐፊው ጋር ነጋዴው መጣ፤ ልጆቻቸውም እዚሁ ተወልደው አደጉ። ይህ ክፍል በታሪክ ውስጥ የምሬት ክፍል ነው፤ ሸፋፍኖ ማለፍም አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛን ሥርዓት ሲያከትም ከሰፋሪዎቹ ወገን ብዙዎቹ መሬታቸውን ቢያጡም አገራቸው ግን ይኸው ሆኖ ቀረ። ከኮንሶ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከወላይታ ደግሞ መሬት የጠበባቸውና ሥራ ፈላጊዎች እየመጡ ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ጠላ ቤት ከፈቱ። የአርቡ ከተሜ እንግዲህ የተሠራው እንዲህ ነው።

ቆጠራ የማይዘው ሰው

የቆጠራ ቅጽ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ለመያዝ ይሞክራል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ «ሐመር በና» የነበረው ወረዳ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ «ሐመር» እና «በና ፀማይ» ሆኖ ተቆጠረ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ወሰንና ስም በየጊዜው ሲለዋወጥ ሐሙስ ግን ሐሙስ ሆኖ ቆይቷል። አባቱ አማራ፣ እናቱ በና የሆነችና ከጎረቤት ልጆች ጋር አሪኛ የሚጫወት ልጅ ግን ቅጹ ላይ አንድ ብሔረሰብ ብቻ ያስመዘግባል። ቀሪው የማንነቱ ክፍል በወረቀት ላይ አይታይም።

ይሁን እንጂ መቀላቀል ሁልጊዜ ትርፍ ብቻ ነው ማለትም ስህተት ነው። በዚሁ በበና ፀማይ ወረዳ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር፣ ኦንጎታ ወይም ብራይሌ የሚባል በቁጥር እጅግ አነስተኛ ሕዝብ ይኖራል። ቋንቋውን ያጠኑት ግራዚያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ የተባሉ ጣሊያናውያን ምሁራን የሚናገሩት ጥቂት አዛውንት ብቻ መቅረታቸውን ጽፈዋል። ልጆቹ አፋቸውን የሚፈቱት በፀማይኛ ነው። ማንም ሳይዘምትባቸው፣ በጉርብትናና በጋብቻ ብቻ አንድ ቋንቋ ወደ መጥፋት ደርሷል። ትልቁ ከትንሹ ጋር ሲኖር ለትንሹ ካላሰበ ውጤቱ ይህ ነው።

ሌላውም አደጋ በቅርብ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ መግቢያ ላይ ከአስተዳደር መዋቅር ጥያቄ ጋር ተያይዞ በጂንካና በአካባቢው በተነሳ ግጭት የሰው ቤትና ንብረት ተቃጥሏል፤ ሰዎችም ተፈናቅለዋል። «ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት ከአፍ ሲወጡ ቀላል ናቸው፤ ቤት ላይ ሲያርፉ ግን እሳት ናቸው። ከላይ የተመለከተው የሽማግሌዎች ትረካ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፦ ቀደም ብሎ የመጣና ዘግይቶ የመጣ እንጂ ያልመጣ የለም። ይህም ሲባል የነባሩን የመሬት መብትና ክብር መዘንጋት ማለት አይደለም። የገባርነት ዘመን ቁስል እንዳይደገም ዋስትናው ይኸው መብት ነውና።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ድርሻ

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይደነግጋሉ። በመሠረታዊ ማኅበር አንድ አባል ያለው ድምፅ አንድ ነው። የበናው ማር አምራች፣ የአሪው ቡና አምራችና የፀማዩ ከብት አርቢ በጉባዔ እኩል ይቀመጣሉ። ቤል በሁለት ሰዎች መካከል ያደርግ የነበረውን ማኅበሩ በብዙዎች መካከል ያደርጋል ማለት ነው።

ነገር ግን መቀመጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ጉባዔ በአማርኛ ብቻ ሲካሄድ ከቆላ የመጣችው እናት እጅ ታወጣለች እንጂ አሳቧን አትናገርም። የማሯ ዋጋ የሚነገራት በደላላ አፍ ከሆነ የወረደው ዋጋ የገበያው ይሁን የደላላው አታውቅም። በመሆኑም ቃለ ጉባዔና የዋጋ ማስታወቂያ በበንኛ፣ በፀማይኛና በአሪኛ መነገር ይኖርበታል። ሚዛንም አባሉ ራሱ አይቶ በሚያነበው ቦታ ይቀመጥ። የከተሜው ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መቻሉ እስከ ዛሬ እንደ ቁም ነገር አልተቆጠረም፤ ለማኅበራት ግን ከጸሐፊና ከሒሳብ ሠራተኛ የማይተናነስ ሀብት ነው።

ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ያለፈውን ዘመን የሚቆጥረው በኩንታልና በብር ብቻ ሊሆን አይገባም። ሐሙስ ተገናኝቶ ማታ የሚበተነው ሕዝብ አርብም እንዲተማመን ማድረግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው።