ደቻቱ ሐቁን ሲጠይቅ፦ የድሬዳዋ ጎርፍና የተራራዎቹ ታሪክ



ዛሬ የምናወራው ሁላችንም ስለምንሻገረው ደቻቱ ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መኪና አሸዋ ይጭንበታል፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ የሚያልፍ ሰው ወንዝ መሻገሩን እንኳ አያስታውስም።

በ1998 ዓ.ም.፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ1427 የረጀብ ወር፣ ለሐምሌ 30 አጥቢያ ያ አሸዋ ወንዝ ሆነ። ሰው በተኛበት ሰዓት ከተራራ የወረደው ጎርፍ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ደብዛቸው የጠፋም ብዙ ነበሩ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። አላህ ይዘንላቸው። በውሃ የሞተ ሙእሚን የሸሂድ ደረጃ እንዳለው ተምረናልና ለእነሱ ተስፋችን ትልቅ ነው።

ይህን ከሚያነቡ ወጣቶች ብዙዎቹ ያኔ ጨቅላ ነበሩ፣ ወይም አልተወለዱም። «ቀደር ነው» ሲባል ሰምተው አድገዋል። አዎ፣ ቀደር ነው። ግን ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ያለውን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ ነው የተነገረው። ስለዚህ ያልታሰረው ግመል የቱ ነበር ብለን መጠየቅ አለብን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከተማዋ ልደት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ሊሄድ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የሐረርጌን ተራራ ለባቡር መውጣት እጅግ ከባድና ውድ ሆኖ ተገኘ። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው። ከዚራ በመሐንዲሶች ልክ፣ ቀጥ ባሉና ዛፍ ባጠላባቸው መንገዶች ተሠራ። መጋላ ደግሞ ከደቻቱ ማዶ፣ በነጋዴውና በሠራተኛው እጅ አደገ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባቡሩ የቆመበት የተራራ ግርጌ ውሃውም የሚወርድበት ቦታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ አናት ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በጥቂት ሰዓት ይወርደዋል። ለዚህ ነው በእኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ ነው።

ተራራው ዛፍና ሣር ሲኖረው ጠብታው መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ የረገፈው ቅጠል ይቀበለዋል፣ ሥሩ ባላላው አፈር ውስጥም ይሰርጋል። የተረፈው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ተራራው ሲራቆት ግን ዝናቡ አፈሩን ይደበድበዋል፣ ላዩን እንደ ሲሚንቶ ያደርቀዋል፣ ውሃውም አፈርና ድንጋይ ይዞ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የሐረርጌ ተዳፋት በብዛት የተራቆተው በእርሻ መስፋፋት፣ በግጦሽ፣ በማገዶና በከሰል ነው። ከሰሉን ያከሰለው የገጠር ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቡናውን ያፈላንበት ግን እኛ የከተማ ሰዎች ነን። ከተማዋም በበኩሏ እያደገች ስትሄድ ድሃው ቦታ ያገኘው ወንዙ ዳር ነበር፤ ቤቱን የውሃው መንገድ ላይ ሠራ። ጥፋቱ የሟቾቹ አይደለም። ተራራው ተራቆተ፣ የወንዙም ዳርቻ ተያዘ፤ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ተገናኙ።

ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ሌላም ነገር አለ። ክረምት ላይ ጎርፍ እንፈራለን፣ በጋ ላይ ቧንቧው ደረቀ ብለን ጀሪካን ይዘን እንዞራለን። ሁለቱን የተለያየ ችግር አድርገን እናያቸዋለን፤ ውሃው ግን አንድ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ዋናዎቹ ናቸው። ያ ውሃ ከላይ ከሰረገ ዝናብ ይተካል። በደቻቱ በኩል እየጋለበ ያለፈው ውሃ ወደ መሬት ሳይገባ አመለጠን ማለት ነው።

ይህን ከጎረቤታችን ሐረማያም እንማራለን። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ነበር። ከተዳፋቱ የሚወርደው ደለል ሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውሃም በዛበት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐረርም ከእኛው አሰሊሶ ተራራውን ሽቅብ በሚገፋ መስመር ውሃ እንድታገኝ ተደረገ። የላይኛው ሰው ከታችኛው ጉድጓድ ይጠጣል፤ የታችኛው ጉድጓድ የሚሞላው ደግሞ የላይኛው ተራራ ሲለብስ ነው። ባለፉት ዓመታት በዙሪያው ተዳፋቱ ሲሠራና ሲጠበቅ፣ ዝናብም ሲረዳ፣ ሐይቁ ተመልሷል። ደርቆ የነበረ ሐይቅ ሲመለስ በዓይናችን ያየን ትውልድ ነንና ተስፋ መቁረጥ አይፈቀድልንም።

ከ1998 በኋላ በደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠራ። ያስፈልጋል፤ ሕይወት ያድናል። ግን ግንብ ውሃውን ከቤታችን ያርቃል እንጂ አያዘገየውም፣ ወደ መሬትም አያስገባውም። ያን የሚያደርገው ተራራው ነው። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር አየሩ የሚሸከመው እርጥበት ይበዛል፣ ሲዘንብም በኃይል ይዘንባል። ዛፉ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዓለምን የሚያሞቀውን ካርቦን ከአየር ወስዶ በግንዱና በአፈሩ ያስቀምጣል፣ ጎርፉንም ያበርዳል።

«እንግዲያውስ ችግኝ እንትከል» ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ እዚህም ታሪክ አለን። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው እሾሃም ዛፍ በረሃን ያለብሳል ተብሎ ወደ አገራችን ሲገባ ቀድሞ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ አካባቢ ነበር። ዛሬ የአፋርን ግጦሽ ወርሮ አርብቶ አደሩን አስለቅሷል። አረንጓዴ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በተቃራኒው በወላይታ ሁምቦ ጎርፋችን በደረሰበት ዓመት ገደማ ሌላ መንገድ ተጀመረ። ተራራው የተራቆተ ቢመስልም የድሮዎቹ ዛፎች ጉቶና ሥር መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር። ገበሬዎቹ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር ከለሉ፣ ከጉቶው የሚወጣውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ አሳደጉ። ደኑ በብዛት የተመለሰው ከራሱ ሥር ነው። ለያዘው ካርቦንም የዓለም ባንክ ከፈላቸው።

መከለል ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኪታብ የቀራ ሁሉ «ሒማ» እና «ሐሪም» የሚሉትን ቃላት ያውቃል። ሒማ ለጋራ ጥቅም የሚከለል መሬት ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕን ከልለዋል። ሐሪም ደግሞ የጉድጓድ፣ የምንጭና የወንዝ ዳርቻ ነው፤ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ፉቀሃዎቹ ወንዝ ዳርቻ እንዳለው የጻፉት ከደቻቱ ጎርፍ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) ሒማን ሲያሰፉ ለጠባቂው የሰጡት ትእዛዝ ደግሞ ለዘመናችን የተነገረ ይመስላል። ጥቂት ግመልና በግ ያለው ድሃ እንዲገባ፣ ሀብታሞቹ ግን፣ ታላላቅ ሶሓቦች ቢሆኑም፣ እንዳይቀደሙ አዘዙ። ድሃው ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ደጃቸው እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ዛሬም በተራራችን ላይ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ» የሚል ክልል ሲታጠር መጀመሪያ የሚጎዳው ሁለት ፍየል ያላት እናት ናት። እሷን ያላሰበ ክልል በሌሊት ይፈርሳል። ሣሩን አጭዳ እንድትወስድ የተፈቀደላት ግን ራሷ ዘበኛ ትሆናለች።

እንግዲህ ከኛ ምን ይጠበቃል? በየመስጂዱ የወጣት ጀማዓ አለን፤ በየክረምቱ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። በቀጣዩ ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ የሚያይ የለም። እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ዘንድሮ አንድ ጀማዓ አንድ ሸለቆ ይያዝ። ከላይ ካሉት ገበሬዎች ጋር ተቀምጦ ይማከር፣ የነሱን ፈቃድና ምርጫ ያስቀድም፣ እርከን በመሥራት ጉልበቱን ያዋጣ፣ ለሦስት ዓመት አይልቀቀው። ከሰደቃው ትንሽ ለጠባቂና ለከብት መኖ ይመድብ። እዚህ ታች ደግሞ ቆሻሻችንን ቦይ ውስጥ አንጣል፣ በውሃው መንገድ ላይ ቤት ሲሠራ ዝም አንበል፣ ከሰላችንን እንቀንስ።

ደቻቱ አንድ ቀን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ወንዝ ነውና መንገዱን አይረሳም። ሲመጣ ሰው ላይ ሳይሆን በአሸዋው ላይ እንዲያልፍ፣ አብዛኛውም ላይ ቀርቶ ወደ ጉድጓዳችን እንዲሰርግ ማድረግ ግን በአላህ ፈቃድ የኛ ሥራ ነው። ያኔ ያለፉትን ወገኖቻችንን አላህ ይማርልን፤ አደራውን የምንወጣም ያድርገን። አሚን።