ምስክርነትና ነጥብ፦ ከሐልቃው እስከ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ



አንድ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ የሚቀበለውን ወረቀት በአማርኛችን «የምስክር ወረቀት» እንለዋለን። ዐረቦች «ሸሃዳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ምስክርነት ነው። በጎጃም የታወቁት የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶችም ተማሪያቸው ለመምህርነት የሚያበቃውን ዕውቀት አሳይቶ ሲያልፍ «አስመሰከረ» ይሉለታል። እነዚህ ሦስት አነጋገሮች ተመካክረው የወጡ አይደሉም። ሆኖም አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ዕውቀት በሰው ልብ ውስጥ ያለ ስውር ነገር በመሆኑ፣ ያየውና የመረመረው ሰው ቆሞ ካልመሰከረለት በቀር ሌላው ሊያውቀው አይችልም።

ለመሆኑ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሴሚስተሩ ፈተና ካለቀ በኋላ ተማሪው በጭንቀት የሚጠብቃት «ኤ» ወይም «ሲ» ምን ዓይነት ምስክርነት ናት? ከየትስ መጣች? ልጅ ወይም ወንድም ወደ ጣና ዳር ልካችሁ ውጤቱን በስልክ የምትጠይቁ ወላጆችና ቤተሰቦች ብዙ ናችሁና ነገሩን ከሥሩ ማየቱ አይከፋም።

ከተማዪቱ የከፍተኛ ትምህርት መናኸሪያ መሆን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር ፖሊቴክኒኩ ሲመሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚው ተከተለ። ሕዝቡ ግቢዎቹን እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ የሚጠራቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲው የተመረቀው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር።

ሶቪየቶቹ በአገራቸው የሚያውቁት ሚዛን ሌላ ነበር። እዚያ ከፍተኛው ነጥብ 5 ሲሆን 2 መውደቅ ነው። በእኛ አገር ግን አማካይ ውጤቱ 2.00 የሆነ ተማሪ አልፏል! በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ከተማሩት ወገኖቻችን ጎበዞቹ «ቀይ ዲፕሎማ» ይዘው ተመልሰዋል። ያንድ አገር ውዳቂ ቁጥር ለሌላው አገር ማለፊያ መሆኑን ስናይ፣ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገርና ቁጥሩን የሰጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት እንረዳለን።

ፊደሉና ባለ 4 ነጥቡ ሚዛን ወደ እኛ የገባው በሰሜን አሜሪካ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 የዬል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ኤዝራ ስታይልስ 58 የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ፈትኖ በአራት ደረጃ መደባቸው። 20ዎቹን ምርጥ፣ 16ቱን ሁለተኛ ምርጥ፣ 12ቱን ዝቅ ያሉ፣ 10ሩን የባሱ ብሎ በላቲን ቋንቋ መዘገባቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ማውንት ሆልዮክ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ደረጃዎቹን በፊደል ሰየማቸው። ከ95 በላይ ያመጣች «ኤ» ተባለች፤ ከ75 በታች ያመጣች በ«ኢ» ወደቀች። በዓመቱ ሚዛኑ ተሻሽሎ የመውደቂያው ፊደል «ኤፍ» ሆነ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን በ1943 ዓ.ም. ያደራጁት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም የአሜሪካውያኑ ምክርና እርዳታ ጎልቶ ይታይ ነበር። ፊደሉ፣ የክሬዲት ሰዓቱና ባለ 4 ነጥቡ ሚዛን በዚሁ መንገድ ሥር ሰደዱ።

ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ አለው፤ ዋጋው በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት «ቢ» ያገኘ ተማሪ 9 ነጥብ አለው። በባለ 4 ክሬዲቱ «ሲ» ካገኘ 8፣ በሌላ ባለ 3 ክሬዲት «ኤ» ካገኘ 12፣ በባለ 2 ክሬዲቱ «ዲ» ካገኘ 2 ይጨመርለታል። ጠቅላላው 31 ሲሆን ለ12 ክሬዲት ሲካፈል 2.58 ይሆናል። ይህ አማካይ ከ2.00 ከወረደ ማስጠንቀቂያ፣ አልፎም ከትምህርት መሰናበት ይከተላል። አንድ የገበሬ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለሰው ወይም ጋዋን ለብሶ የሚመረቀው በዚህች ከነጥቡ በስተቀኝ ባለች ቁጥር ነው።

ከስሌቱ ይልቅ ከባዱ ጥያቄ ፊደሉ ራሱ እንዴት ይሰጣል የሚለው ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለረጅም ዘመን የሠራበት ልማድ ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ማወዳደር ነበር። መምህሩ ውጤቶቹን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፤ ከላይ ላሉት ጥቂቶች «ኤ»፣ ለመካከለኞቹ «ሲ»፣ ከታች ለቀሩት «ዲ» ወይም «ኤፍ» ይሰጣል። እስቲ አስቡት፤ 68 ያመጣ ተማሪ ክፍሉ ደካማ ከሆነ «ኤ» ሊያገኝ ይችላል፤ ክፍሉ ጎበዝ ከሆነ ያው 68 «ሲ» ይሆናል። የተማሪው ዕውቀት በሁለቱም አንድ ነው። ከዚህም የባሰ ጣጣ አለው። ጓደኛዬን ባስጠናው የእሱ ከፍ ማለት እኔን ዝቅ ያደርገኛል የሚል ስሌት በተማሪው ልብ ይገባል። የወንድምህ መውደቅ ለአንተ መነሣት የሆነበት ሚዛን! ሱረቱል ሙጠፊፊን ሰፍረው ሲሰጡ የሚያጎድሉትን ነጋዴዎች አጥብቃ የምትወቅስ ምዕራፍ ናት። ከጎንህ በተቀመጠው ሰው መጠን የሚረዝምና የሚያጥር ቁና ያለው ነጋዴ በገበያችን ቢገኝ ምን እንለው ነበር?

ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የተዘረጋው የሞጁል ሥርዓት ቁናውን ቋሚ አደረገው። 90 እና ከዚያ በላይ «ኤ ፕላስ»፣ ከ85 እስከ 90 «ኤ»፣ ከ80 እስከ 85 «ኤ ማይነስ» እየተባለ ይወርዳል፤ ከ50 እስከ 60 «ሲ» ነው፤ ከ30 በታች ያለው «ኤፍ» ነው። ከላይ እስከ ታች ቢቆጠሩ 12 ደረጃዎች ይሆናሉ። በእኔ አስተያየት ከቀድሞው የተሻለ ፍትሕ አለው፤ ተማሪው የሚወዳደረው ከትምህርቱ ጋር እንጂ ከወንድሙ ጋር አይደለምና። ግን ፈተናውን የሚያወጣው ያው መምህር ነው። ጥያቄውን ቢያቀል ክፍሉ ሁሉ «ኤ» ይሆናል፤ ቢያከብድ ሁሉም ይወድቃል። ሠንጠረዡ ቋሚ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ጥያቄ አውጪው እጅ ዞረ ማለት ነው።

12 ደረጃ ስንል የሐዲስ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ አንድ ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ታላቁ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (በ852 ሂጅራ የሞቱ፣ ረሒመሁላህ) «ተቅሪቡ-ት-ተህዚብ» በተባለው መጽሐፋቸው የሐዲስ አስተላላፊዎችን የመደቡት በ12 ደረጃ ነው። ከእሳቸው አምስት መቶ ዓመት ቀደም ብለው ኢብን አቢ ሐቲም አር-ራዚ (በ327 ሂጅራ የሞቱ) ለሚታመኑት አራት፣ ለሚነቀፉት አራት ደረጃ አበጅተው ነበር። የቁጥሩ መመሳሰል አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አልሰጠውም። የሚያስደንቀው ግን ሊቃውንቱ ሰውን በደረጃ ሲመድቡ የተጠነቀቁት ጥንቃቄ ነው።

ለምሳሌ «ሰዱቅ፣ ግን ማስታወሱ ደካማ» የሚል ደረጃ አላቸው። ሰውዬው እውነተኛ ነው፤ አይዋሽም፤ ትዝታው ግን ይስታል። እንግዲህ ጸባዩ ለብቻ፣ ችሎታው ለብቻ ተመሰከረለት። የእኛዋ «ሲ» ግን ይህን ልትናገር አትችልም። የገባው ግን የፈተና ሰዓት ያጠረበት ተማሪ፣ ያልገባው ግን በቃል የሸመደደ ተማሪ፣ ከጎረቤቱ የገለበጠ ተማሪ፣ ሦስቱም በአንዲት «ሲ» ጥላ ሥር ተጠልለው ይገኛሉ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ዐብዱላህ ኢብን ለሂዓ በ174 ሂጅራ የሞቱ የግብጽ ቃዲ ነበሩ። መጻሕፍታቸው ተቃጠሉና ከዚያ በኋላ ከትዝታ ሲያስተላልፉ መሳሳት አበዙ። ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? የፊቱንና የኋላውን ደምረው አማካይ አላወጡም። ከቃጠሎው በፊት የሰማቸውን ተማሪ ከኋላ ከሰማቸው ለይተው፣ የፊተኛውን ዘገባ በተሻለ ዐይን ተመለከቱ። አሁን ወደ ባሕር ዳር እንመለስና፣ ከሩቅ ወረዳ መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋው አስቸግሮት ሁለት «ዲ» ያገኘ፣ በመጨረሻው ዓመት ግን የክፍሉ መሪ የሆነ ወጣት አስቡ። ድምር አማካዩ የዛሬውን ሰው ከዚያ ከተደናገረው ልጅ ጋር ቀላቅሎ «2.9» ይለዋል። ቀጣሪው የሚያየው ያንን ነው።

ለዘመድም አላደሉም። ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ (በ234 ሂጅራ የሞቱ) ስለ ገዛ አባታቸው ዘገባ በተጠየቁ ጊዜ ደካማ መሆናቸውን ከመናገር ወደኋላ አላሉም፤ ጉዳዩ የዲን ጉዳይ ነውና። ዛሬ ፈተና ባለቀ ማግሥት በየመምህሩ ቢሮ ደጃፍ የሚደረገውን የነጥብ ልመናና የአማላጅ ጋጋታ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

ይህን ሁሉ ስል የጥንቱ ሁሉ ወርቅ ነበር ማለቴ አይደለም። በሐልቃው ሥርዓት ደረሳው ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ነሕዉን፣ ፊቅሁን ኪታብ በኪታብ ይቀራል፤ ሲያኸትም ሸኹ ኢጃዛ ይሰጡታል። ኢጃዛው የሸኹን ስም፣ የሸኹን ሸኽ ስም፣ የኪታቡን ስም ይዟል። ማን፣ ስለ ማን፣ ስለ ምን እንደመሰከረ ይታወቃል። ነገር ግን ኢጃዛም የረከሰበት ጊዜ ነበር። ኢብኑ-ስ-ሰላሕ (በ643 ሂጅራ የሞቱ) የኢጃዛ ዓይነቶችን ሲዘረዝሩ ለሕፃን፣ አልፎም ገና ላልተወለደ ልጅ ስለሚሰጥ ኢጃዛ የነበረውን ክርክር ጽፈዋል። ያልተወለደ ምን አንብቦ ነው የሚመሰከርለት! በአል-አዝሀርም ጉዳዩ ለግለሰብ ሸኾች ብቻ መተዉ አሳሳቢ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣ ሕግ ዓሊም ለመባል በስድስት ዑለማ ጉባኤ ፊት መፈተን ግድ ሆነ። ያለፉትም በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ተመደቡ። በአል-አዝሀር የእኛ አገር ሰዎች «ሪዋቁል ጀበርቲ» የተባለ ማደሪያ ነበራቸውና ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

በጣና ዙሪያ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። ከጎንደር አዲስ ዓለምም ሆነ ከሐይቁ ዳር ወደ ወሎ ዘልቆ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የቀራ ደረሳ ኢጃዛውን ይዞ ሲመለስ፣ የዘመናዊው ትምህርት ቤት መዝገብ ዕውቀቱን የሚያሰፍርበት ዐምድ አልነበረውም። በመዝገቡ ፊት ያልተማረ ሰው ነበር። በዚህ ረገድ የቅኔው ሊቅም ዕጣ ከእሱ እምብዛም አይለይም።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ላይ በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመውጫ ፈተና ለተመራቂዎች ሁሉ ተሰጠ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ለፈተናው የተቀመጡት ተማሪዎች የየትምህርታቸውን ነጥብ ከመምህሮቻቸው ተቀብለው ከምረቃ ደጃፍ የደረሱ ናቸው። ሆኖም ያለፉት 40.65 ከመቶው ብቻ ሆኑ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 ከመቶ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17.2 ከመቶ ነበሩ።

በሸሪዓ ለብዙ ጉዳይ ሁለት ምስክር ይፈለጋል። አገሪቱ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ምስክር አላረካትምና ሁለተኛ ጠራች። ሁለቱ ምስክሮች ሲለያዩ ግን ዳኛው የትኛውን ያምናል? የመውጫ ፈተናው የአንድ ቀን ፈተና ነው፤ በምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ተማሪ ድልድይ መሥራት ወይም ልጅ ማስተማር ይችል አይችል እንደሆነ አያሳይም። የመምህሩ ፊደል ግን ቢያንስ ወራት ያየ ሰው ፊደል ነው። የአራት ዓመት ምስክርነት በአንድ ቀን ምስክር ሲሸነፍ፣ ቀኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው ወይስ አራቱ ዓመታት ባዶ ስለነበሩ? ከ17.2 ከመቶው ኋላ ያሉት ቤተሰቦች በሬና መሬት ሸጠው የከፈሉትን ብር ሲያስቡ ይህ የክርክር ጥያቄ ብቻ አይሆንባቸውም።

የኢጃዛው ዓይነት ምስክርነት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም። ተመራቂው ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ሲያመለክት፣ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ስማቸውን ጽፈው የፈረሙበት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። እዚያ ላይ ተማሪው ምን እንደሚችል፣ መምህሩ እንዴት እንደሚያውቀው፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደተለወጠ በቃላት መጻፍ ይቻላል። ፊደሏ የማትናገረው ሁሉ እዚያ ቦታ አለው። የሚያሳዝነው፣ ደብዳቤውን ተማሪው ራሱ ጽፎ ያመጣና መምህሩ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሳያነበው፣ የሚፈርምበት ጊዜ ጥቂት አለመሆኑ ነው።