በጣና ዳርቻ የንባብ መማሪያና የዓለም ጉዳይ

ንባብን የሚያስተምር ጽሑፍ ሁሉ ከፊደሉ ጋር አንድ ጉዳይ አብሮ ያስተምራል። ይህ ጉዳይ ከተማሪው መንደር ይወሰድ ወይስ ከሰፊው ዓለም የሚለው ጥያቄ ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር የቋንቋ መምህራን ዘንድ እንደ አዲስ ነገር ይነሣል። የጣና ዳርቻ ታሪክ ሲመረመር ግን ጥያቄው አሮጌ ሆኖ ይገኛል።

በጣና ደሴቶችና በዙሪያው ባሉት አድባራት ሕፃን ፊደል ቈጥሮ አቡጊዳን ለይቶ ሲያበቃ የሚገጥመው ንባብ ፊደለ ሐዋርያ፥ ይኸውም የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ነው። ከዚያም ወደ ወንጌለ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ይሻገራል። የሚያነበው በእናቱ ቋንቋ ሳይሆን በግዕዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መማሪያ ከአገር ውጭ የተጻፈና ለሕዝብ ሁሉ የታሰበ መልእክት ነበር። በዚህ ሥርዓት ጉድለት ቢፈለግ የሚገኘው በጉዳዩ ርቀት አይደለም፤ ንባብና ትርጓሜ በብዙ ዓመታት ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። ድምፁን በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አጥርቶ የሚያወጣ ብዙ ደቀ መዝሙር ትርጓሜ ቤት ሳይደርስ ይቀር ነበርና።

ሁለተኛው ሐሳብ የተወለደው በውጭ ነው። በ1965 እ. ኤ. አ. በቴህራን የተሰበሰቡት የትምህርት ሚኒስትሮች ማንበብን መማር ከሥራና ከኑሮ ጋር እንዲያያዝ ተስማሙ። ዩኔስኮ ይህንኑ ለመፈተን ከመረጣቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፥ ከሥራ ጋር የተያያዘው የጎልማሶች ትምህርት በ1968 እ. ኤ. አ. ተጀመረ። በ1972 እ. ኤ. አ. ደግሞ በኢትዮጵያ መንግሥት፥ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ በባሕር ዳር ተቋቋመ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችንና የጎልማሶች ትምህርት አደራጆችን ማሠልጠን ነበር፤ ግቢው እስከ ዛሬ «ፔዳ» እየተባለ ይጠራል። እዚህ ላይ አንድ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ፤ መንደሩ ወደ መማሪያው መጽሐፍ እንዲገባ የጠየቀው የዓለም ጉባኤ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ. ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መማሪያዎቹ በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምረው ኋላ 15 ደረሱ፤ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። ዘመቻው በ1980 እ. ኤ. አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። ከእርሻና ከጤና ጋር የአብዮቱና የሶሻሊዝም ቃላት በመማሪያው ገቡ፤ ገበሬውም ስለ ዓለም ጉዳይ አነበበ፤ ይሁን እንጂ የቀረበለት መልሱ ነበር እንጂ ጥያቄው አልነበረም። ከፊደል በኋላ የሚነበብ ነገር ባነሰበት ስፍራም ብዙ ሰው የተማረውን ረሳ።

ከእነዚህ ሦስት ሙከራዎች የሚገኘው ትምህርት በጣና ላይ ዛሬ በደረሰው ነገር ሊፈተን ይችላል። እምቦጭ የተባለው አረም የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ. ም. መግቢያ ሲሆን፥ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፥ በደንቢያና በፎገራ በኩል በርትቷል። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ሲያዝበት፥ ከብት አርቢው ግጦሹ ሲሸፈንበት የዓለምን ጉዳይ በደጁ ያገኘዋል። ከእርሻ መሬት የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ በርብ፥ በጉማራና በመገጭ በኩል ወደ ሐይቁ ገብቶ አረሙን ያለመልመዋል። እንግዲህ ስለ እምቦጭ የተዘጋጀ አንድ ምንባብ ቅርቡንና ሩቁን መለየት አያስፈልገውም።

የአዘጋጁ ፈተና ሌላ ነው። ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ጥንት ጉማሬ ያድኑ ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ስለ ሐይቁ የሚጻፍ መማሪያ የደንገሉን፥ የዓሣውንና የታንኳውን ቃላት ከእነርሱ አፍ ካልሰበሰበ፥ የሚያስተምረው ስለ ጣና መሆኑ ቀርቶ ስለ ማንኛውም ሐይቅ ይሆናል። የቋንቋ መጥፋትም ራሱ የዓለም ጉዳይ ነው፤ ከመማሪያው ርዕሶች መካከል ሊቈጠር ይገባዋል።

ስለዚህ መማሪያን የሚለየው ጉዳዩ ቅርብ ወይም ሩቅ መሆኑ አይደለም። የንባብ ቤቱ መማሪያ ትርጓሜን ለኋላ አቈየ፤ የዘመቻው መማሪያ ትርጓሜውን አስቀድሞ ጨርሶ አቀረበ። ንባቡንና ትርጓሜውን በአንድ ቀን የሚያገናኝ፥ ፍርዱን ግን ለአንባቢው የሚተው መማሪያ ማዘጋጀት በጣና ዳርቻ ለሚሠሩ የቋንቋ ሊቃውንት ገና የቀረ ሥራ ነው።